ከሲታ ሰው ስኳር ሲይዘው

እናቴ ከጎንደር በደወለች ቁጥር፣ የጤናውና የዝናቡ ወሬ ካለቀ በኋላ የማትረሳት ጥያቄ አለቻት። «ለመሆኑ አንተ ሰው ታክማለህ ወይስ አይጥ ነው የምትወጋው?» ሁለቱንም እላታለሁ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ትልና ወደ ሌላ ወሬ ትሻገራለች።

አገር ቤት ያሉ ወጣት ሐኪሞችም በየጊዜው ይጽፉልኛል። የእነሱ አጠያየቅ ለስለስ ይበል እንጂ ከእናቴ ብዙም አይርቅም። ምርምር ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ፣ ሕክምናውን ግን መተው አልፈልግም፤ ይቻላል ወይ? ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ እንዳይምታታባችሁ።

የምሠራው በስኳር በሽታና በሜታቦሊዝም ላይ ነው። ሰውነት የበላውን እንዴት እንደሚያቃጥል፣ እንዴት እንደሚያከማች፣ ይህን ሁሉ የሚያዘው ኢንሱሊን ደግሞ የት ላይ እንደሚሰናከል ማጥናት ማለት ነው። አብዛኛው ሳምንቴ በቤተ ሙከራና በወረቀት ያልቃል፤ በሳምንት አንድ ቀን ክሊኒክ እገባለሁ። መኖሪያዬ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነች ከታካሚዎቼ መካከል ሐበሻ አይጠፋም። ነገሩ የተጀመረው ግን እዚህ አይደለም፤ ጎንደር ኢንተርን ሆኜ ሜዲካል ዋርድ በምሠራበት ጊዜ ነው።

ከበለሳ የመጣ ገበሬ ነበር፤ ሃያዎቹን ሊጨርስ የተቃረበ፣ ጉንጩ የገባ፣ ክንዱ በሁለት ጣት የሚጨበጥ። ለወራት ውሃ ሲጠማውና ሌሊት ሌሊት ለሽንት ሲነሳ ከርሟል። ጣቱን ወግተን ስኳሩን ስንለካ ማሽኑ ቁጥር መስጠት ትቶ «ሃይ» ብሎ ጻፈ። በዚያ ማሽን ከስድስት መቶ በላይ ነው ማለት ነው። በተማርነው መሠረት እንዲህ ያለ ወጣት ራሱን ስቶ፣ ትንፋሹ አሴቶን እየሸተተ፣ በቃሬዛ ነው መምጣት የነበረበት። ይኼ ሰውዬ ግን በእግሩ ገብቶ፣ ጋቢውን አጣፍቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሽንቱ ውስጥ ኬቶን፣ ማለትም ሰውነት ኢንሱሊን አጥቶ ስብ ሲያቃጥል የሚወጣውን ነገር፣ ብንፈልግ ከምልክት ያለፈ አላገኘንም። ስኳር አለብህ ስለው ሳቀብኝ። «ኧረ ዶክተር፣ አንቱ ደግሞ! ስኳርማ የሀብታም በሽታ አይደለም ወይ? እኔ ሻይ የምቀምሰው ገበያ ስወጣ ነው።»

እንዴት እንደምመልስለት አላወቅኩም። መጽሐፉ የሚያውቀው ሁለት ትልልቅ ዓይነት ነው። በዓይነት አንድ የሰውነት በሽታ መከላከያ በራሱ ላይ ተነስቶ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን ቤታ ሕዋሳት ያጠፋል፤ በሽተኛው መርፌ ካጣ ብዙ ሳይቆይ ኬቶአሲዶሲስ ውስጥ ይገባል፣ ማለትም ደሙ በኬቶን አሲድ ይመረዛል። በዓይነት ሁለት ኢንሱሊኑ አለ፣ ሰውነት ግን አልታዘዝም ይለዋል፤ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ገፋ ያለ፣ ቦርጭ ያወጣ ሰው ነው። የበለሳው ሰው ከሁለቱም አልነበረም። ካርዱ ላይ «ዓይነት አንድ» ተብሎ ተጻፈለት፤ ምክንያቱ ደግሞ መርፌ ያስፈልገዋል የሚለው ብቻ ነው። ራውንድ የሚመራን ሐኪም ፈገግ ብሎ «እነዚህ የእኛዎቹ ናቸው» አለና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። እውነትም የእኛዎቹ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተና ከደባርቅም ከጭልጋም የሚመጡ ሌሎች አየሁ፤ ከሲታ፣ ወጣት፣ የገጠር ሰው፣ አብዛኛው ወንድ።

ኋላ ላይ ማንበብ ስጀምር ጥያቄው ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ደጅ እንደጠና አየሁ። በ1955 ሂዩ-ጆንስ የተባለ ሐኪም ጃማይካ ውስጥ የገጠሙትን ከአንዱም ዓይነት ጋር የማይገጥሙ ታካሚዎች በላንሴት መጽሔት ላይ ገልጾ፣ በአገሪቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል «ጄ ዓይነት» ብሏቸው ነበር። ከዚያ ህንድም፣ አፍሪካም «እኛም ዘንድ አሉ» አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 «ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ» ብሎ ራሱን የቻለ ቦታ ሰጣቸው። በ1999 ደግሞ ማስረጃው በቂ አይደለም ብሎ ሰረዘው። ታካሚዎቹ ግን አልተሰረዙም፤ መምጣታቸውን ቀጠሉ።

የተሰረዘበት ምክንያት ከንቱ አልነበረም፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ስኳር ራሱ ያከሳል። ሰውዬው ምግብ አጥቶ ስለከሳ ነው የታመመው፣ ወይስ ስለታመመ ነው የከሳ? አልጋ ላይ ያለን ሰው ዓይቶ ይህን መለየት አይቻልም። መልስ ለማግኘት ከበሽታው በፊት የነበረውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቁመቱን፣ የአጥንቱን ስፋት፣ በልጅነቱ እንዴት እንዳደገ፣ ኢንሱሊን ጀምሮ ከረመ በኋላም ከሲታ ሆኖ መቅረቱን። ይህን ከልባቸው የያዙት ጎንደር ውስጥ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ በኢትዮጵያ ገጠር ያለውን ኢንሱሊን የሚሻ ስኳር አይተን፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት መዝገብ እንደገና እንክፈት ወይ የሚል። እኔ በየአልጋው ሳልፍ ያየኋቸውን ሰዎች እነሱ ቆጥረው፣ ለክተው፣ ከገጠር ጤና ጣቢያዎች ጋር አያይዘው አስቀምጠዋቸዋል። ያን ጽሑፍ አንብቤ ሳበቃ፣ ቀሪ ዕድሜዬን በምን ላይ እንደማውለው ለራሴ የነገርኩት ይመስለኛል።

ከዚያ ያለው መንገድ ብዙ ሐኪም የሄደበት ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ዕጣ ወጥቶልኝ ወረዳ ሆስፒታል ሠራሁ፤ ማታ ማታ ለአሜሪካው የፈቃድ ፈተና አጠናሁ፤ ሬዚደንሲ ገባሁ፤ ያወቅኩትን የውስጥ ደዌ እንደገና ከሥር ተማርኩ። ሦስት ዓመት የውስጥ ደዌ፣ ከዚያ የኢንዶክሪን ፌሎሺፕ፣ በፌሎሺፑ ውስጥ ደግሞ የምርምር ጊዜ። ጄ-ዋን ቪዛ ይዞ የመጣ ሐኪም ትምህርቱን ሲጨርስ ሁለት ዓመት አገሩ ተመልሶ መቀመጥ አለበት፣ ወይም ነፃ የሚያወጣውን ፈቃድ ማግኘት፤ ለምርምር ብላችሁ የምትመጡ ይህችን ከመጀመሪያው ቀን አስቡባት።

ምርምሩ ለእኔ የተጀመረው ክላምፕ መሥራት ስማር ነው፤ ሰውነት ለኢንሱሊን ምን ያህል እንደሚታዘዝ የሚለካበት ዘዴ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም «ሰው ማከም» እና «መመራመር» አንድ ክፍል ውስጥ የሚገናኙበት ሥራ እንደ እሱ አላየሁም።

በጎ ፈቃደኛው ጠዋት ባዶ ሆዱን ይመጣል። በአንደኛው ክንዱ ኢንሱሊንና ሃያ በመቶ ግሉኮስ የሚገባበት መስመር ይከፈትለታል። ሌላኛው እጁ በሞቀ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሙቀቱ የደም ሥሮቹን ስለሚከፍት ከደም መልሱ የምንቀዳው ደም ከደም ቅዳው ደም ጋር ይቀራረባል። ኢንሱሊኑ ሳያቋርጥ በአንድ ልክ ይገባል። ስኳሩ መውረድ ይጀምራል። እኛ ደግሞ በየአምስት ደቂቃው ደም እየቀዳን፣ አልጋው አጠገብ ባለው ማሽን እየለካን፣ የግሉኮሱን ፍጥነት ከፍ ዝቅ እያደረግን ስኳሩን ዘጠና ላይ አስረን እንይዘዋለን። ሰማንያ አራት ሲሆን ትጨምራለህ፤ ዘጠና ሰባት ሲሆን ትቀንሳለህ፤ ብዙ ከጨመርክ ከሁለት ንባብ በኋላ ያጋልጥሃል። አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ደም ይቀዳል፣ አንዱ ፓምፑን ያዛል። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነገሩ ይረጋጋል። ያን ጊዜ በየደቂቃው የምንሰጠው ግሉኮስ ሰውነቱ ከሚወስደው ጋር እኩል ነው። ብዙ ግሉኮስ ከጠየቀን ሰውነቱ ለኢንሱሊን ታዛዥ ነው፤ በትንሽ ከበቃው እምቢተኛ ነው። ጠቅላላ ምስጢሩ ይኸው ነው።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ግን ቁጥር አይደለም። ሽንቱ ይመጣል፤ እጁ ሣጥን ውስጥ እያላበው ስለ ልጁ ኮሌጅ ያወራሃል፤ ድንገት ዝም ካለ ደግሞ ስኳሩ ወርዶ እንደሆነ ዓይኑን ታያለህ። እኔ ክላምፕ እየሠራሁ የታካሚ ፊት ማንበብ የተማርኩትን ያህል ዋርድ ውስጥ አልተማርኩም።

ይህን ዘዴ ዴፍሮንዞ፣ ቶቢንና አንድሬስ በ1979 ነው በጽሑፍ ያወጡት፤ ሐሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። ለንደን ውስጥ ሂምስወርዝ የተባለ ሐኪም በ1936 ለታካሚዎቹ ግሉኮስና ኢንሱሊን አንድ ላይ ሰጥቶ ሲያይ፣ አንዳንዶቹ ለኢንሱሊን ፈጥነው ምላሽ ሰጡ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ያኔ የደም ኢንሱሊንን የሚለካ መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም። ስኳር ሁለት ዓይነት ነው የሚለው ሐሳብ እንዲህ ከአልጋ አጠገብ ነው የወጣው። ኢንሱሊንን ራሱን ለማግኘት ጥያቄውን ያነሳው ባንቲንግም ታካሚ ያልበዛለት ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያው መርፌ ለአሥራ አራት ዓመቱ ሌናርድ ቶምፕሰን ሲሰጥ ውጤቱ አላረካም፤ ኮሊፕ የተባለው ባዮኬሚስት አጣርቶ ያዘጋጀው ሁለተኛው ነው ልጁን ያነሳው። ይህችን ታሪክ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ስለ ባንቲንግ ብዬ ሳይሆን ስለ ኮሊፕ ብዬ ነው። ሐኪሙ ጥያቄ ነበረው፤ ማጥራት የሚያውቅ ሰው ባይኖር ግን ጥያቄው ጥያቄ ሆኖ ይቀር ነበር።

አይጦቹ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። የበለሳውን ሰው በእናቱ ማሕፀን ሳለ ምን እንደደረሰበት ልጠይቀው አልችልም፤ አይጥን ግን እችላለሁ። ነፍሰ ጡሯ አይጥ ፕሮቲን የጎደለው መኖ ስትመገብ ልጆቿ የሚወለዱት ቤታ ሕዋሳቸው አንሶ ነው፤ ይህ በብዙ ቤተ ሙከራ የታየ ነገር ነው። የእኔ ሥራ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፤ የቀሩት ሕዋሳት ስንት ዓመት ሊሸከሙ ይችላሉ፣ መቼስ ይደክማሉ? ለዚህ ቆሽቱ ወጥቶ፣ ኮላጅኔዝ በተባለ ኢንዛይም ሟሙቶ፣ ላንገርሃንስ ደሴቶች የሚባሉት ጥቃቅን የሕዋስ ክምችቶች በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ በፒፔት ይለቀማሉ። ከጤፍ ፍሬ ያንሳሉ። ጤፍ ውስጥ ጠጠር ስትለቅም ያደገች እህቴ ብታየኝ ወንበሬን ትቀማኝ ነበር። አንገት ያደነዝዛል፣ ዓይን ያስለቅሳል፤ ወጣቶቹ ሙዚቃ በጆሯቸው ከተው ይሠሩታል፣ እኔ የአማርኛ ዜና እየሰማሁ።

አይጡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም የሚል ካለ ልክ ነው። በሰውም የታየ አለ። በ1944 እና 45 ክረምት ሆላንድ ውስጥ በረሃብ ዘመን የተፀነሱና የተረገዙ ልጆች ጎልማሳ ሲሆኑ ግሉኮስ ጠጥተው ሲለኩ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በ1932 እና 33 የዩክሬን ረሃብ ማሕፀን ውስጥ የነበሩት ላይ በ2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ ዓይነት ሁለት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ አሳይቷል። የእኛን የ77ቱን ድርቅ፣ ይህችን ብቻ በአገራችን አቆጣጠር ልተዋት፣ ማን ይርሳው? ያ የበለሳ ገበሬ ዕድሜው ሲሰላ የዚያ ሰሞን ልጅ ነው። በአንድ ሰው ላይ ይህ ምንም አያረጋግጥም፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ስለ ገንዘቡም ሳልጽፍ ባልፍ ሐሰት ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ሐኪም ተመራማሪ የሚኖረው በግራንት፣ ማለትም አመልክቶ በሚያገኘው የምርምር ገንዘብ ነው። ጀማሪው ብዙውን ጊዜ «ኬ» የሚባለውን የብሔራዊ የጤና ተቋማት ድጋፍ ይጠይቃል፤ ድጋፉ ከሥራ ጊዜህ ሰባ አምስት በመቶውን ለምርምር እንድታውል ያስገድዳል። ይህ በረከት ነው፤ ታካሚ በዛ ብሎ የሚጠራህን አለቃ «ሕጉ አይፈቅድም» ለማለት ያስችልሃል። ከዚያ በራስህ ስም ትልቁን፣ «አር-ዜሮ-ዋን» የሚሉትን ታመለክታለህ። አብዛኛው ማመልከቻ ይወድቃል። የእኔም ወድቋል፤ አንድ ገምጋሚ እንዲያውም የምግብ እጥረት ስኳር «ታሪክ የዘጋው ጉዳይ» ነው ብሎ ጽፎልኛል። ቆሽቴን አሳርሮት ነበር። ጓደኞቼ በግል ክሊኒክ የሚያገኙትን ገቢ ሳስበው፣ ባለቤቴ ዝም ብላ ማለፏ ራሱ ድጋፍ ነው።

በዚህ ላይ ሮዛሊን ያሎው የምትባለዋ የፊዚክስ ሰው ታጽናናኛለች። ብሮንክስ በሚገኘው የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ከሐኪሙ ሰለሞን በርሰን ጋር ሆና፣ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች በኢንሱሊን ላይ አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን፣ እንደሚሠሩ አገኙ። ጽሑፋቸውን መጽሔት መለሰባቸው። እሷ የመለሱላትን ደብዳቤ አስቀመጠችው፤ በ1977 ኖቤል ስትሸለም ንግግሯ ውስጥ አውጥታ አሳየችው። በርሰን በ1972 ስለሞተ ያን ቀን አላየም። ከዚያ የተወለደው ሬዲዮኢሚዩኖአሴይ የተባለው ዘዴ ነው በደም ውስጥ ያለን ጥቂት ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ያስለካው። እዚያው ሆስፒታል ነው ጆን ኤንግ የተባለ ሐኪም ጊላ ከሚባል መርዛማ እንሽላሊት መርዝ ኤክሴንዲንን ያገኘው፤ ከእሱ የተሠራው መርፌ በ2005 ተፈቅዶ ዛሬ ኦዜምፒክ ለሚገኝበት የመድኃኒት ቤተሰብ መንገድ ከፈተ። አሁን ዘመድ አዝማድ ለማክሳት ኦዜምፒክ ላክልን እያለ ሲደውልልኝ፣ እንሽላሊቷን ላወራቸው እጀምርና ስልኩን ይዘጉብኛል።

ክሊኒኬ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚህ የሚመጣው ሐበሻ ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ቀኑን ተቀምጦ ሌሊት ፈረቃ የሚገባ ነው። ሲመጣ ከሲታ ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሆዱ ብቻ ወጣ። ክብደቱ በአሜሪካ ሚዛን ወፍራም አያሰኘውም፤ ስኳሩ ግን መጥቷል። እስራኤል ያሉ ሐኪሞች ይህንኑ ቀደም ብለው አይተውታል፤ ከኢትዮጵያ የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ ኑሮና ምግብ ሲቀየር በወጣቱም ላይ ሳይቀር በዛ። በአንድ ክሊኒክ ቀን «አባባ፣ ሁዳዴን እንዴት ይጾማሉ?» እላለሁ፤ ቅዳሴ እስኪወጣ ምንም ሳይቀምሱ ኢንሱሊን የወጉ አዛውንት «እግዜር ያውቃል ልጄ» ይሉኛል። ቁጭ ብለን የመርፌውን ሰዓት እናሸጋሽጋለን። ይህን የማይጠይቅ ሐኪም መድኃኒቱ ለምን እንደማይሠራ ሳይገባው ይኖራል። ከእኒህ ሰዎች የምሰማው ነው ጥያቄዎቼን ቤተ ሙከራ ድረስ የሚያዘልቀው፤ ለዚህ ነው ክሊኒኩን የማልተወው። የሞያ አማካሪዎች በየዓመቱ ተወው ይሉኛል።

ወደ ከሲታዎቹ ልመለስ። በ2022 ዲያቤቲስ ኬር በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ ወጣ። ኒውዮርክ በሚገኘው አልበርት አንስታይን ሕክምና ኮሌጅ ያለችው ሜሬዲት ሆኪንስና ህንድ ቬሎር የሚገኘው የክርስቲያን ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞች ተባብረው የሠሩት ነው፤ የጽሑፉን የመጀመሪያ ስም የያዘው ደግሞ ካሜሩናዊው ኤሪክ ሎንቺ-ዪማጉ ነው። በጣም ከሲታ የሆኑ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አስተኝተው፣ የክላምፕን ዘዴ አራቅቀው ለኩ። ሰውነታቸው ለኢንሱሊን እንደ ዓይነት ሁለት ታካሚ እምቢተኛ አልነበረም፤ የጎደለው ኢንሱሊን የማመንጨት አቅማቸው ነው። ዓይነት አንድም ዓይነት ሁለትም አይደሉም። ጽሑፉን ስጨርስ ከወንበሬ ተነስቼ ኮሪደሩን ተመላለስኩበት። እዚያ ዋርድ ውስጥ «እነዚህ የእኛዎቹ ናቸው» ተብሎ የታለፈው ነገር፣ በቁጥር ተጽፎ ፊቴ ነበር።

በጥር 2025 ቬሎር ላይ ባለሙያዎች ተሰበሰቡ፤ በሚያዝያ ወር ባንኮክ ላይ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ለዚህ ከምግብ እጥረት ጋር ለተያያዘው ስኳር «ዓይነት አምስት» የሚለውን ስም ተቀበለ። በዓለም ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰው ይኖርበታል የሚል ግምት ቀርቧል። ደስ ብሎኛል፤ ግን እጄን አላጨበጨብኩም። አሁን የሚያስፈራኝ ከሲታ የሆነ ስኳረኛ ሁሉ «አምስት» ተብሎ እንዳይጻፍ ነው። ከሲታ ዓይነት አንድ አለ፤ ሳይታከም ቆይቶ የከሳ ዓይነት ሁለት አለ፤ ሥር በሰደደ የቆሽት ሕመም የመጣ አለ። በ2025 ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አጓጊ አድርጎታል፤ በወጣትነታቸው ዓይነት አንድ ተብለው ኢንሱሊን ላይ ካሉት ሰዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ ዓይነት አንድን የሚያሳየው አንቲቦዲ የለባቸውም። እነዚህ ሁሉ በምግብ እጥረት የመጡ ናቸው ማለት አይደለም። ስያሜው ከልኬቱ ከቀደመ በ1999 የሆነው እንደገና ይሆናል።

ስለዚህ ለጻፋችሁልኝ ወጣት ሐኪሞች፦ ክላምፕ ጎንደር ወይም ጅማ ላይ ዛሬውኑ ይቋቋም እያልኩ አይደለም። ሲ-ፔፕታይድን ግን መለካት ይቻላል። ቆሽት አንድ ኢንሱሊን በሠራ ቁጥር አንድ ሲ-ፔፕታይድ አብሮ ይለቃል፤ በብልቃጥ የሚመጣው ኢንሱሊን ግን ሲ-ፔፕታይድ የለውም። ታካሚው መርፌ ላይ ቢሆንም የራሱ ቆሽት ስንት እንደሚሠራ በዚህ ይታወቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ በሽንትም መለካቱ ነው፤ ቦሪክ አሲድ ባለበት ቱቦ ውስጥ ከገባ ያለ ማቀዝቀዣ ሦስት ቀን ይቆያል። ከጤና ጣቢያ ተነስቶ በሚኒባስ ከተማ ለመድረስ በቂ ጊዜ ነው። ጥሩ የካርድ አያያዝ፣ የቁመት መለኪያ፣ የሽንት ቱቦና ታካሚውን «ልጅ ሳለህ ምን ትበላ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ካለ የዚህ ምርምር ግማሹ ሥራ አለ። ሁለት ዛፍ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ ዛፉ አንድ ነው ብዬ እናቴን ላሳምናት ብሞክርም እስካሁን አልተሳካልኝም።

ማንም ያልመለሰው፣ እኔንም አሁን የያዘኝ የሕክምናው ጉዳይ ነው። እነዚህ ታካሚዎች ለኢንሱሊን ታዛዥ ስለሆኑ ትንሽ መጠን ይበቃቸዋል፤ ብዙ ከተሰጣቸው ስኳራቸው ወርዶ ሊገድላቸው ይችላል። ጥር ላይ እህል ገብቶ ጎተራ ሞልቶ ሳለ የተጻፈ መጠን፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ሲራቆት፣ ሰውዬው ሲያርም ውሎ በባዶ ሆዱ ማታ ቤቱ ሲገባ፣ ያው መጠን ሊሆን አይገባም። መርፌውን በውሃ በራሰ አሸዋ መካከል በማሰሮ አስቀምጦ ከሙቀት ያድነዋል፤ ከረሃቡ ግን በምን ያድነዋል? የኢንሱሊን መጠንን ከእርሻ ወራት ጋር እያስማሙ መስጠትን ከቋሚ መጠን ጋር የሚያወዳድር ጥናት ለመሥራት ፕሮፖዛል ይዣለሁ። እስኪወሰን ድረስ አገር ቤት ሆነው ስለ እንዲህ ያለ ታካሚ ለሚጠይቁኝ የሥራ ባልደረቦች የምለው ይህን ነው፦ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ የዛሬው ስኳር መቶ ሰማንያ ሆኖ ቢያድር ይሻላል፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ቀጠሮውን አቅርቡት።